ለወንድሜ የመጣውን ጥሪ አይፈለጌ ላላችሁብኝ

ለተከበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሁለቱም ኩላሊቶችዎም እንደምን ሰንብታችኋል ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ጤና ሲጠያየቅ ኩላሊትን ለይቶ እንደማያነሳ አውቃለሁ፤ እኛ ቤት ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰላምታ የሚጀመረው ከዚያ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርስዎ ሁለቱም ሳይለግሙ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ሥራቸውን እየሠሩ እንዲቆዩልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በስልክ ማዞሪያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ ገመድ እየነቀልኩና እየሰካሁ፣ የሰውን ወሬ እየሰማሁም እንዳልሰማሁ እየሆንኩ ነው ያረጀሁት። በክፍላችን በር ላይ አንድ ትእዛዝ ብቻ ተለጥፎ ነበር፤ የሐኪም ቤት ጥሪ ከማንኛውም ጥሪ ይቀድማል የሚል። መስመሩን የያዘው ምንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን፣ ይቅርታ ጠይቀን እንቆርጠውና ሐኪሙን እናገናኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም የሐኪም ቤት ጥሪ አምልጦኝ አያውቅም። ይህን የማነሳው ልኩራራ ብዬ እንዳልሆነ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትር ሳያወጣ የሰውን ወገብ በዓይኑ ለክቶ የሚጨርስ፣ ደንበኛው ወፍሮ ሲመጣ ደግሞ ጨርቁ ነው የጠበበው ብሎ የሚያጽናና ሰው ነው። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት፣ ደሙን ከሚያጥብለት ማሽን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ለዚሁ ሲባል ግራ ክንዱ ላይ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ተገጣጥመውለታል። እዚያ ላይ ጣት ሲያሳርፉ ደሙ ሲሮጥ ይነዝራል፤ ጆሮ ሲያስጠጉ ደግሞ ድሮ ያላነጋገርነው መስመር ያሰማን እንደነበረው ያለ ማቋረጥ እምምም ይላል። ድምፁ ጠፋ ማለት መስመሩ ተዘጋ ማለት ነው። የቀኝ ክንዱ አምና ተዘግቷል። ሐኪሙ ይቺ ግራዋ የመጨረሻዋ እንደሆነች፣ ከእሷ በኋላ መርፌ የሚሰካበት ቦታ መፈለግ እንደሚከብዳቸው ፊት ለፊት ነግሮናል። ስለዚህ በየማለዳው ከቁርሱ በፊት ክንዱን ዘርግቶልኝ ሁለት ጣቴን አሳርፋለሁ። ጣቴ ቆዳውን እስኪነካ ያለችውን ያቺን ቅጽበት የምፈራትን ያህል በሕይወቴ የፈራሁት ነገር የለም።

የንቅለ ተከላ ተራ ይጠብቃል። የሚታጠብበት ማዕከል ሌላ፣ ንቅለ ተከላውን የሚሠራው ሆስፒታል ደግሞ ሌላ ነው። ሆስፒታሉ ከሟች የተለገሰ ኩላሊት ሲያገኝ፣ ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል የሚስማማቸውን ሦስት አራት ሰዎች መርጦ በአንድ ጊዜ ኢሜይል ይልካል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አለሁ፣ እየመጣሁ ነው ብሎ ያልመለሰ ይታለፋል። ስልክም ይደውላሉ፤ ነገር ግን ወንድሜ ማሽኑ ላይ ሲሆን ስልኩ ከልብሱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቅጹን በሞላን ዕለት በኢሜይል ቦታ የእኔን አድራሻ ያስጻፈው ለዚህ ነው። ጸሐፊዋ የራሱን ለምን እንደማይሰጥ ብትጠይቀው፣ የኔ እህት ጥሪ አያመልጣትም፣ ሥራዋ እኮ ነው ብሎ ሳቀባት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬን፣ ማለቴ ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ከሁለት ወር በፊት በአንድ ማክሰኞ፣ ወንድሜ ማሽኑ ላይ፣ ስልኩም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሳለ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ጥሪው መጣ። እኔ በዚያች ደቂቃ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ የወንድሜን ሸሚዝ ቁልፍ እሰፋ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ሸሚዝ ቁልፍ እንደሌለው እርስዎም ሳይታዘቡን አይቀሩም። ቀና ባልኩ ቁጥር የገቢ መልእክት ሳጥኔ ባዶ ነበር። ለካስ ጥንቁቁ ማጣሪያችሁ ደብዳቤውን በሩ ላይ ይዞ፣ አስቸኳይ የሚል ቃል አይቶበት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ ይስጡ የሚል ችኮላ አይቶበት፣ ለብዙ ሰው በአንዴ መላኩንም ልብ ብሎ፣ ወደ አይፈለጌው ሳጥን ወርውሮልኛል። ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሲሆን የወንድሜ ተራ አለፈ። እኔ የመጨረሻውን ቁልፍ ሰፍቼ ክሩን በጥርሴ የበጠስኩት ያን ጊዜ ገደማ ነው።

ያወቅሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የሠርጓን ፎቶ ልካልኝ አልደረሰኝም ብላት፣ እስኪ አይፈለጌው ውስጥ እዪው አለችኝ። እዚያ ቦታ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ሰው የቆሻሻ ቅርጫቱን በየቀኑ አይበረብርም። የማላውቀው ሎተሪ ደርሶኛል ከሚል የደስታ መግለጫና ራሰ በራነትን በሦስት ሳምንት ከሚያድን ቅባት መካከል የወንድሜን ሙሉ ስም አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውስም፤ ጎረቤቴ ስትመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን በጣቴ እየነካሁ አገኘችኝ። ኩላሊቱ መልስ ለሰጠ ሌላ ሰው ተሰጥቷል። ማን እንደሆነ አይነገረንም፤ ማንም ይሁን ማን ዕድሜ ይስጠው።

ሁለተኛ፤ በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት ገደማ፣ ማጣሪያችሁ አንድ ደብዳቤ በክብር አስገብቶልኛልና ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ደብዳቤው ከእናንተ ድርጅት የመጣ መስሎ፣ አርማችሁን ለጥፎ፣ አካውንቴ ሊዘጋ ስለሆነ የይለፍ ቃሌን ቶሎ እንድልክ የሚያዝ የሌባ ደብዳቤ ነበር። በስማችሁ የሚነግደውን አጭበርባሪ እንደ ቤተ ዘመድ በሳሎን አሳልፋችሁ፣ ሆስፒታሉን እንደ ለማኝ ከደጅ የመለሳችሁበት ጥበብ ለእንደ እኔ ያለ የድሮ ሰው ገና አልተገለጠለትም።

ሦስተኛ፤ የደንበኞች አገልግሎታችሁ። በስልክ ስሞክር ጥሪዬ ለእናንተ እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ የሚያበስር የሴት ድምፅ ከሙዚቃ ጋር ለአርባ ደቂቃ አጽናናችኝ። በአካል ስመጣ ደግሞ ተራ ቁጥር የሚተፋው ማሽን ሰማንያ ሦስትን ሰጠኝ፤ ስክሪኑ ሃያ አንድ ይል ነበር። ወንበሮቹ ጥሩ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ በመስኮቷ በኩል ያለችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝና፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀርበው በኢሜይል ብቻ እንደሆነ ነግራ አድራሻውን በወረቀት ጻፈችልኝ። በልጅቷ አልፈርድም፤ ሕጉን እሷ አላወጣችውም። እንደ ታዘዝኩት ጻፍኩ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ከሳምንት በኋላ ስመለስ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ለየኝ። የኛ የማዞሪያ ክፍል ዘበኛ የነበረ ነው፤ ወሬ ስለማያቋርጥ ሬዲዮ እንለው ነበር። ፊቴን ሲያይ ግን ሬዲዮም ዝም አለ። ነገሩን ስነግረው እጄን ይዞ፣ በኋላ በኩል ባለው ደረጃ፣ የኔትወርክ ሰዎቻችሁ ወደሚሠሩበት ክፍል ይዞኝ ወጣ። ይህን በማድረጉ ልትቀጡት ብትፈልጉ፣ እኔ በግድ እንደጎተትኩት መስክሬ እፈርማለሁ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ሆኖ፣ አምስት ሰዎች ጃኬት ለብሰው የሚወጣ የሚወርድ መስመር ይከታተላሉ። ባለመነጽሩ ኢንጂነር ወንበሩን ለቆልኝ ቆሞ አስረዳኝ። በበራችሁ ከሚመጣው አሥር ደብዳቤ ስምንቱ አይፈለጌ እንደሆነ፣ ማጣሪያው ለአንድ ሰዓት ቢነሣ ሰርቨሩ ታንቆ የማንም ደብዳቤ እንደማያልፍ፣ በሌሎች ሰዎች ቤት ያሉ በቫይረስ የተያዙ ኮምፒውተሮች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ሲረጩ እንደሚውሉ፣ አንዱን መንገድ ሲዘጉ በሌላው እንደሚመጡባቸው ነገረኝ። ባለፈው ዓመት ማጣሪያውን በጣም አጥብቃችኋል የሚል ስሞታ ሲበዛ ትንሽ ላላ ቢያደርጉት፣ በሳምንት ውስጥ ስንቱ ሽማግሌ በአጭበርባሪ እጅ ወድቋል። እውነቴን ነው፣ ልሳደብ ወጥቼ አዘንኩለት። እኛ መስመር ሲበዛብን ገመድ ነበር የሚያጥረን፤ እነሱ የሚያጥራቸው ሰው ነው።

ታዲያ ሆስፒታልን ከሌባ የማይለይ ማጣሪያ ማን አስተማረው ብዬ ጠየቅሁት። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ እናቴ፣ እሱ እኮ ከራሱ አያመጣም፣ ከእናንተ ከደንበኞቹ ነው የሚማረው አለኝ። ሰዎች አይፈለጌ ነው የምትለዋን ምልክት በተጫኑ ቁጥር ይመዘግባል፤ ስለ አንድ ላኪ በቂ ሰው ከመሰከረ፣ ከዚያ ላኪ የሚመጣውን ሁሉ ለማንኛውም ደንበኛ ማገድ ይጀምራል። የሆስፒታሉን መዝገብ ከፈተልኝ። አርባ አንድ ሰዎች መስክረውበታል። የመጀመሪያውን ምስክር አድራሻ ሲያይ ስክሪኑን ወደ ራሱ ሊያዞር ሞከረ፣ ግን ቀደምኩት።

አራተኛ፤

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። አራተኛ ብዬ እጽፍና ወረቀቱን ገልብጬ እተወዋለሁ።

የመጀመሪያው አድራሻ የእኔ ነበር። ወንድሜን ካስመዘገብን ወዲህ ሆስፒታሉ በየጊዜው ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር፤ ጨው ይቀንሱ፣ ውኃ ይመጥኑ፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል፣ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይስጡን እያለ። ወንድሜ ሲያቃስት ባደረበት ማግስት ምን ያህል ረክተዋል ሲሉኝ ደሜ ፈላ። አይፈለጌ ነው የምትለዋን አገኘኋትና ተጫንኩ። ደስ አለኝ። በየሳምንቱ ተጫንኳት፤ በዚያ ሰሞን በዚህ ዓለም ላይ የሚታዘዘኝ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። መዝገቡ አሥራ አራት ጊዜ ይላል። ያ ነጥብ ስጡን የሚለው ደብዳቤና ኩላሊት ተገኝቷል የሚለው ደብዳቤ ከአንድ አድራሻ እንደሚላኩ አላወቅሁም። ሆስፒታሉም ሁለቱን መለየት አልታሰበውም። ጥሪ አያመልጣትም የተባለላት እህት፣ ጥሪውን ገና ሳይመጣ በገዛ ጣቷ በሩ ላይ አስራው ኖራለች። ያቺው ጣት ናት በየማለዳው ክንዱ ላይ የምታርፈው።

አልቅሼ ጨረስኩና፣ እሺ አሁን ፍቱት አልኩ። ኢንጂነሩ የእኔን ሳጥን ብቻ ወዲያውኑ ፈታልኝ። ለሌሎቹ ደንበኞች ሁሉ ለመፍታት ግን ሆስፒታሉ ራሱ ማመልከቻ ማስገባት ነበረበት። ሆስፒታል ስሄድ አስተባባሪዋ ማመልከቻውን ካስገቡ መቆየታቸውን፣ እንዲያውም ከዚያ ማክሰኞ አምስት ሳምንት ቀድሞ በኢሜይል መላካቸውን ከነቀኑ አሳየችኝ። ተመልሼ ለኢንጂነሩ ብነግረው መፈለግ ጀመረ። ማመልከቻው በአቤቱታ ክፍላችሁ በራሱ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ፣ ሳይከፈት ተገኘ። ከሆስፒታሉ አድራሻ የመጣ ነዋ፤ የት ሊገኝ ኖሯል? የእኔም አቤቱታ የሆስፒታሉን ስም ስለያዘ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ቀን ማመልከቻውን አትሞ፣ የሥራ ኃላፊ ፊርማ ስለሚያስፈልገው፣ ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ልኮታል። ይህ ከሆነ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀን ነው። በስብሰባ ብዛት እንደሆነ ይገባኛል። ጸሐፊዎ ሦስት ጊዜ በመልካም ፈገግታ መልሳኛለች፤ ፈገግ ማለት እንዳይሰለቻት ስለምፈራ አራተኛ አልመጣሁም።

የምፈራው ግን ይህ አይደለም። አስተባባሪዋ በስድስት ወር ውስጥ ሰባት ሰዎች ተጠርተው ሳይመልሱ እንደታለፉ ነግራኛለች። ማመልከቻውን ከላኩ ወዲህ ደብዳቤያቸው የሚያልፍ መስሏቸው፣ ያልመለሱት ሐሳባቸውን ለውጠው ወይም ደክመው ይሆናል ብለው ነበር የሚያስቡት። ከሰባቱ አንዱ ወንድሜ ነው። የቀሩት የማን ደንበኛ እንደሆኑ አላውቅም፤ ሁለቱ ግን ከእንግዲህ ቢጠሩም አይመልሱም። እነሱን ያገደው የእኔ ጣት ይሁን ሌላ ነገር የሚነግረኝ የለም። ኢንጂነሩን፣ በዚህ ሆስፒታል ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቻችሁ ማስጠንቀቂያ ላኩ ብዬ ብጠይቀው፣ ማን ታማሚ እንደሆነ ማወቅ እንደማይፈቀድላቸው፣ ለሁሉም ደንበኛ በአንዴ አስቸኳይ ብለው ቢልኩ ደግሞ ማጣሪያው ራሱ እንደሚይዘው ነገረኝ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። አንባቢዎች ሆይ፣ ከመካከላችሁ ከንቅለ ተከላ ሆስፒታል ጥሪ የምትጠብቁ፣ ወይም እናት፣ ባል፣ ልጅ የሚጠብቅላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ጋዜጣውን አስቀምጡና አሁኑኑ አይፈለጌ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ነገም ክፈቱት። እኔ በየሰዓቱ እከፍታለሁ። ለእኔ ተፈቷል ተብያለሁ፣ ግን አላምንም፤ ገላዬን ስታጠብ በሩን ክፍት ትቼ ኮምፒውተሩን ከውጭ አስቀምጣለሁ፣ መብራት ብልጭ ሲል ሮጬ ስክሪኑን አያለሁ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ያቺ ደብዳቤ አሁን እየመጣች ይመስለኛል። ለነገሩ መጥፋቱን በተመለከተ ከሰሞኑ በቀን ከሁለት ጊዜ አልበለጠምና ለዚህም ተመስገን እላለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ፊርማ ነው። ብዕር ቢያጥር እልካለሁ። ውሳኔው ከባድ ሆኖ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነም፣ ግራ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በቀኝ ሁለት ጣትዎ የደም ሥርዎን ለአንድ ደቂቃ ይዳስሱ። እዚያ ያለውን ምት እያዳመጡ ቢያስቡበት ቶሎ ይወሰን ይሆናል።

ለድርጅትዎ ብልጽግናን፣ ለማጣሪያዎ ማስተዋልን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ጥቂት ባዶ ሰዓትን፣ ለእርስዎ ደግሞ ማንም እንዲጠራዎ የማይጠብቁበት ረጅም ጤና እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

የቀድሞ የማዞሪያ ኦፕሬተር፣
የአይፈለጌ ምስክር ቁጥር አንድ

ማሳሰቢያ፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በኢሜይልም ልኬልዎታለሁ። አስቸኳይ የሚል ቃል ስላለበትና በግልባጩ ላይ የሆስፒታሉን ስም ስለጨመርኩበት የት ሳጥን ውስጥ እንደሚያገኙት አልነግርዎትም።

ሌላ ማሳሰቢያ፤ ወንድሜ ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ ይህን ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማስታወቂያ ድረስ ያነባል፤ አራት ሰዓት ረጅም ነው። ጥሪው መጥቶ ማለፉንና ማጣሪያችሁ እንደያዘው ነግሬዋለሁ። አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ጥፋቱ የነሱ ነው ብሎ ያጽናናኝ እሱ ነው። አራተኛውን ግን አልነገርኩትም። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሸሚዝ አውርቻለሁ። ለወንድሜ መናገር ቢያቅተኝ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት፣ ክቡር ሆይ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዛሬ የእጥበት ቀኑ ነው። ነገ ጠዋት ከቁርሱ በፊት ክንዱን ይዘረጋልኝ እንደሆነ አላውቅም።